ዳኛ ያላየው ሌባ

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ጡረታ ስወጣ፣ ልጆቼ «እንግዲህ እረፊ» አሉኝ። ማረፍ ለእኔ አይሆንልኝም። የሕግ ረቂቅ ከሚመከርበት ትልቅ አዳራሽ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን አስገብቼ የሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሰነድ አባዛለሁ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ጉዳዩን በር ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። የተቀያየሙ ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ድንገት ቢገናኙ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቦታ እንኳ አያገኙም። የዚያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። በስምንት ሰዓት ተኩል ደግሞ ስለ አዲሱ የኢንተርኔት ረቂቅ ሕግ የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለደጋፊውም ለተቃዋሚውም ንግግር ስጽፍ ስለሰነበትኩ ረቂቁን በቃሌ ይዤዋለሁ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ዘፈን፣ ፊልም ወይም መጽሐፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተላከበት ወይም የወረደበት የኢንተርኔት መስመር ሦስት ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ለአንድ ዓመት ይቆረጣል፤ መስመሩ የተመዘገበበት ሰው ስምም በአደባባይ ይለጠፋል። ጥፋቱን የሚለየው የአሳታሚ ኩባንያዎች መቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው። አቤት የሚባለው መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ለሙከራ የተላኩት ማስጠንቀቂያዎችም ሕጉ ከጸደቀበት ሰዓት ጀምሮ ይቆጠራሉ።

ለደንበኛ አስተያየት አልሰጥም፤ የቆየ ልማዴ ነው። ነገር ግን ረቂቁን መጀመሪያ ያነበብኩት ዕለት «ዳኛ» የሚለውን ቃል ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው ቅር ብሎኝ ነበር።

በሩን ከፍተው የገቡት አዛውንት ባለ አኮርዲዮኑ ነበሩ። ከብዙ ዘመን በፊት ወጣት ሳለሁ በዘፈናቸው ያልጨፈርኩበት ሰርግ አልነበረም። የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ለዓመታት ተጭኖት ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ጓደኞቻቸው በሳንባቸውም በመሣሪያቸውም አንድ ላይ ለማሾፍ «ወናፍ» የሚል ስም አውጥተውላቸው፣ እሳቸውም አልከፋቸው ብሎ ሰው ሁሉ ጋሽ ወናፍ ይላቸዋል።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ» አሉ ባርኔጣቸውን አንሥተው። «ይህችን ንግግር ጎላ ባለ ፊደል ይጽፉልኛል? ዓይኔ ከከዳኝ ሰነበተ። አሳታሚ ኩባንያው የሰጠኝን ይኸን ዝርዝርም በማሽኑ አጉልተው ይገልብጡልኝ። አዳራሹ ውስጥ ከፍ አድርጌ ላሳየው ነው።»

«የምን ዝርዝር ነው?» አልኳቸው።

«የሌቦች!»

ይህን ሲሉ ጥግ ላይ ባለው ኮምፒውተር ጀርባዋን ሰጥታ ስትጽፍ የነበረች ወጣት ሴት ቀስ ብላ ዞረች። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር ናት። እሷም በዚያው ስብሰባ ላይ የምታነበውን ተቃውሞ ልታሳትም ነበር የመጣችው። ፊቷ ላይ ድንጋጤና ናፍቆት ሲፈራረቁ አየሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ብላ ብድግ አለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ደህና ነኝ» አሉ ባጭሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሌቦች ጋር ቆማ ልትሟገተኝ መጣች» አሉኝ።

ወይ ጉድ! በዚህች ክፍል ውስጥ እኔ ደግሞ ወዴት ልግባ? ንግግራቸውን ተቀብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ጆሮዬ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም።

«ከሌባ ጋር አልቆምኩም ጋሼ» አለች መምህሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለሁለት ወር ስልክ ብደውል አያነሡልኝም። ራዲዮ ላይ ሕጉን ሲደግፉ ከሰማሁ ጀምሮ ላስረዳዎት ነበር የፈለግሁት። አሁን እግዜር ካገናኘን ይስሙኝ።»

«እኔ ነኝ የማስረዳሽ። ተቀመጪ።» እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ባለፈው አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ ሹፌሩ የእኔን ዘፈን ከፈተ። ደስ አለኝ፤ ልቤ ዘለለ። ወረድ ስል 'የማን ዘፈን ነው?' ብዬ ጠየቅሁት። 'ምን አውቃለሁ አባባ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነው' አለኝ። ፊቴን እያየ! አንድ ዜማ እኮ ስምንት ወር ይፈጅብኛል። ምሳዬን ትቼ፣ እንቅልፌን አጥቼ፣ ሚስቴን አስለቅሼ የሠራሁትን ነው የማንም ይሁን ብሎ የሚያጫውተው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ልጄ።»

«እውነትዎን ነው። እኔም ያንን ሹፌር ባገኘው ስምዎን ሳላስጠናው አልለቀውም ነበር።»

«እንግዲያስ ምን ቀረሽ? ሕጉ ይኸንን ነው የሚያስቆመው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኛ እንዲያውም ዘግይተናል፣ ጣራው ከተያያዘ ቆይቷል።»

«ሕጉ ሹፌሩን አይነካውም ጋሼ። የሚቀጣው መስመሩን ነው፤ መስመሩን ያስመዘገበውን ሰው ነው። በትምህርት ቤታችን ያለው አንድ መስመር ነው። የተመዘገበውም በእኔ ስም ነው፤ የዚያን ጊዜ ርእሰ መምህሩ ታመው ስለነበር እኔ ነበርኩ የፈረምኩት። በሱ ሠላሳ አራት ተማሪዎች መጽሐፋቸውን በድምፅ ይሰማሉ። አምስት መምህራን ይሠሩበታል። ጥበቃው ለልጁ ይደውልበታል። ከግንቡ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ እንኳ የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ለተማሪዎቻችን ዩኒፎርም በነጻ ስለምትጠግንልን ሰጠናት። ከነዚህ ሁሉ አንዱ ቢያጠፋ የሚቆረጠው የሁሉም ነው፤ የሚለጠፈው ደግሞ የእኔ ስም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ አይደለም?»

«ታዲያ ማን ለመንገደኛ ሁሉ ስጪ አለሽ? በርሽን ከፍተሽ ትተሽ ሌባ ገባ ብትዪ ማን ያዝንልሻል?»

«በድሮው ቤታችን ግቢ ቧንቧ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። ሰፈሩ ሁሉ ከእኛ አልነበር የሚቀዳው? ያስቀዱ የነበሩትም እርስዎ ነዎት፤ 'ውኃ አይከለከልም' እያሉ። ከጎረቤቶቹ አንዱ በዚያ ውኃ የተሰረቀ መኪና ቢያጥብበት፣ እርስዎን ዓመት ሙሉ በውኃ ጥም መቅጣት ፍርድ ነው?»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣባቸው፤ ነገር ግን ዋጡት። «ውኃና ዘፈን አንድ አይደለም» አሉ።

«ለእኔ ተማሪዎች አንድ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማጠቃለያ ፈተና አለባቸው። ፈተናው በድምፅ የሚመጣላቸው በዚያ መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ ዓመቱ የለም።»

«መስመርሽ ምን ሆነና ነው? ምነው አስቀድመሽ ታለቅሻለሽ?»

መምህሯ ከቦርሳዋ ሦስት ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረቻቸው። «ሦስተኛው የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው» አለች።

ጋሽ ወናፍ ፖስታዎቹን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ቀለማቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ? ከእኔ ቤት? ምንድን ነው የሰረቅሽው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም!»

«አልተነገረኝማ!» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ያንብቡት! ይቅርታ፣ እኔ ላንብብልዎት። 'በመስመርዎ ከዚህ በታች ቁጥሩ በተጠቀሰው ሥራ ላይ የመብት ጥሰት ተፈጽሟል።' ከታች ደግሞ አሥራ አንድ አሃዝ ቁጥር። ሌላ ምንም የለም። ዘፈን ይሁን፣ ፊልም ይሁን፣ መጽሐፍ ይሁን፣ መቼ ይሁን፣ ማን ይሁን፣ የለም። ኩባንያው ድረስ ሄጄ ብጠይቅ 'ይኸ የውስጥ መረጃ ነው' አሉኝ። ተማሪዎቼን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ስመረምር ሰነበትኩ። አንዷ ልጅ ያላደረገችውን አድርጌያለሁ ብላ አለቀሰችብኝ፤ መስመሩ እንዳይቆረጥብኝ ፈርታ!»

እዚህ ላይ ልማዴን ጣስኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ሽማግሌውን። «እኔ በሠራሁበት ቤት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ የሚደረገው የተከሰሰበትን ማንበብ ነው። ማንን፣ የት፣ መቼ ተብሎ። የተከሰሰበትን የማያውቅ ሰው በምን አፉ ይከራከራል?»

«እርስዎ ደግሞ የማን ጠበቃ ነዎት?» አሉኝ ቆጣ ብለው። ወዲያው ግን አነጋገራቸው ለራሳቸውም ከብዷቸው ለስለስ አሉ። «አይ፣ ይቅርታ እመቤቴ። ጭንቅ ላይ ነኝ። የኩባንያው ሰዎች መሣሪያው ያለ ነገር ሰው አይወነጅልም ብለውኛል እኮ። እነሱ የተማሩ ሰዎች ናቸው።»

«ጋሼ፣ ከዚህ ንግግር በኋላ ምን ሊያደርጉልዎት ቃል ገቡ?» አለች መምህሯ።

ጋሽ ወናፍ ባርኔጣቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ጠይቆ መልስ መጠበቅ ደግሞ መምህር ያውቅበታል፤ ጠበቀቻቸው።

«ሥራዎቼን ሁሉ ሰብስበው ሊያወጡልኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ፎቶዬም ይኖርበታል። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው ልጄ። ከእኔ ጋር ከዘፈኑት አንድም የቀረ የለም። አንድ ቀን ሲጠሩኝ 'ነበር' ሊሉኝ ነው። ከመሞቴ በፊት ሥራዬን በአንድ ላይ ተቀምጦ ባየው ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። ግን ጋሼ... በሬ ሆይ...» ብላ ጀምራ ምላሷን ነከሰች።

«ጨርሺው! ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ በዪኝ! ያሳደግኋት ልጅ በሬ ትለኛለች፤ እመቤቴ፣ ይመስክሩ!»

«አልጨረስኩትም!»

«ያልተጨረሰ ስድብ ይብሳል፤ የቀረውን እኔው ስለምሞላው።»

ሰዓቱ ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። ንግግሩን ጨርሼ ዝርዝሩን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ሰባት ገጽ ነው፤ ፊደሉ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቋል። ሽማግሌው አንድም መስመር እንዳላነበቡት ያኔ ገባኝ፤ ሊያነቡት አይችሉም ነበርና። አጉልቼ ስገለብጠው ወረቀቱ እየወጣ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ መቀበያው ከተሰበረ ቆይቷል። መምህሯ ምንም ብትቆጣ ጨዋ ልጅ ናትና ጎንበስ ብላ ትለቅም ጀመር።

አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከፖስታዎቹ አንዱን ጎኑ አደረገች። ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች አሃዝ በአሃዝ አመሳከረች።

«የእኔ መስመር እዚህ አለ፤ የሥራውም ቁጥር ያው ነው» አለች። «በዚህኛው ላይ ደግሞ የሥራው ስም ተጽፏል።»

«እንግዲህ ተገኘ!» አሉ ጋሽ ወናፍ። «ምን ይላል? ምንድን ነው የሰረቃችሁት?»

ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ነው።

«'የጣራው ዝናብ' ይላል ጋሼ።»

ሽማግሌው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «የጣራው ዝናብ» የእሳቸው ዘፈን ነው። እኔም አውቀዋለሁ፤ የማያውቀው የለም። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹ አኮርዲዮን በእጅ ዳሰሳ መማር ሲጀምሩ ጋሽ ወናፍ ትምህርት ቤቱ ሄደው ሲያስተምሯቸው ከረሙ። ኋላም ልጆቹ እየሰሙ እንዲለማመዱ ብለው፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያንን ዘፈን ቀስ አድርገው፣ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ በቃል እየተናገሩ ቀርጸው በኢንተርኔት ላኩላቸው። ተማሪዎቹም በተለያየ ጊዜ አወረዱት። ዘፈኑን ግን በወጣትነታቸው ለኩባንያው ሲሰጡ የፈረሙት ወረቀት ዜማውን ለዘለዓለም የኩባንያው አድርጎት ኖሯል። መሣሪያው ዜማውን ለየ፤ ማን እንደተጫወተው፣ ለማን እንደተጫወተው አይለይም።

«እኔ እኮ ነኝ የሰጠኋቸው!» አሉ። «በገዛ እጄ! ማንን ነው ሌባ የሚሉት? ዓይነ ስውር ልጆችን?»

መምህሯ ግን ስድስተኛውን ገጽ እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ የቤትዎ መስመር ቁጥር መጨረሻው ሰባ ሁለት አርባ አይደለም?»

«ነው።»

«እዚህም አለ። ሦስት ጊዜ። 'ያለ ፈቃድ መላክ' ይላል።»

«ሦስት ጊዜ የላኩት አልሄድ ብሎኝ ነው!» ብለው ጮኹ። «አንዴ ስልክ ተደወለና ተቋረጠ፣ አንዴ እኔው የማይነካ ነገር ነክቼ ጠፋብኝ! በሦስተኛው ነው የደረሳቸው! ደግሞ ለእኔ ምንም ደብዳቤ አልመጣልኝም።»

«መጥቶልዎት ይሆናል። ዓይንዎ ደቃቅ ፊደል አያነብም፤ እኔን ደግሞ ቤትዎ እንዳልመጣ ከልክለውኛል።»

ይህን ያለችው ልትወጋቸው ብላ አልነበረም፤ ግን ወጋቸው። ጭንቅላታቸውን ያዙ። የሌቦች ብለው ከፍ አድርገው ሊያሳዩት የነበረው ዝርዝር ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳና የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ብቅ አለ። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የሚያበራ፣ አነጋገሩ ትሑት ሰው ነው። ሽማግሌውን ወደ አዳራሹ ሊወስዳቸው ነው የመጣው። ጎልቶ የወጣውን ወረቀት በመምህሯ እጅ ሲያይ ግን ትሕትናው ቀነሰ።

«ይኸ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ሰነድ ነው ጋሽ ወናፍ። ከሩቅ ከማሳየት በቀር ሌላ ሰው ማንበብ አይገባውም ነበር። እመቤቴ፣ ቅጂዎቹን ይስጡኝ።»

«ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ የምሰጠውም ለእሳቸው ነው» አልኩት። በመዝገብ ቤት ስንቱ በቁጣም በእጅ መንሻም ሊያስወጣ የሞከረውን ሰነድ ጠብቄ ኖሬያለሁ፤ ይኸ ልጅ አያስደነግጠኝም።

«ልጄ፣ ና እዚህ» አሉት ጋሽ ወናፍ ረጋ ብለው። «ይኸ ቁጥር የእኔ ነው። ሌባ ነኝ ማለት ነው?»

ሰውየው ቁጥሩን አየ። ፊቱ ቀላ። «ኧረ በፍጹም! የመሣሪያው ስሕተት ነው ጋሼ። ምንም አያስቡ፤ አሁኑኑ ደውዬ አሰርዘዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ሁለት ደቂቃ! ጥሩ። ይኸኛውስ? የትምህርት ቤቱ?»

«እሱ... እሱን እንግዲህ ማጣራት ያስፈልጋል። በሥርዓቱ መሠረት ቅሬታቸውን...»

«መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ያቀርባሉ።»

«እንደዚያ ነው ረቂቁ የሚለው።»

«ዘፈኑ አንድ ነው። የላክሁት እኔ፣ የተቀበሉት እነሱ። የእኔ በስልክ ይሰረዛል፤ የእነሱ ይጣራል። ለምን?»

ጉዳይ አስፈጻሚው ሰዓቱን አየ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የእኛ ሰው ነዎት» አለ።

መቼም ስንት ክርክር ሰምቼ ኖሬያለሁ፤ አንድን ሰው ባንድ ቃል እንዲህ ሲገለብጡት ግን አላየሁም። መምህሯ በብልሃት፣ በትዕግሥትና በልመና ያልቻለችውን ይኸ ሰው ሊያባብል ብሎ በተናገረው ፈጸመላት። ጋሽ ወናፍ ተነሡ።

«አየሽ ልጄ» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «የእኔ ስም በአፍ ቃል የሚሰረዝ ከሆነ፣ የሌላውም ስም በአፍ ቃል ነው የሚጻፈው ማለት ነው። ዛሬ የእነሱ ሰው ነኝ። ነገ ባልሆንስ? ሰው የሌለውስ? እኔ ሕግ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዝምድና ኖሯል።»

«ጋሼ፣ ይጠንቀቁ» አለ ሰውየው፤ ድምፁ አሁን ደረቅ ነበር። «የሥራዎችዎ ስብስብ ነገር እዚህ ንግግር ላይ ነው የቆመው። ተስማምተናል።»

ያቺ ቅጽበት ሽማግሌውን ምን እንዳስከፈለቻቸው ያየነው እኔና የወንድማቸው ልጅ ነን። ከዚያ እኔ የጻፍኩላቸውን ንግግር ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «እንሂድ፣ ክንድሽን ስጪኝ» አሏት።

እኔም ሱቄን ቆልፌ ተከተልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ተጀምሮ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የተናጋሪዎችን ስም የሚጠሩ ኮስታራ ሴት ነበሩ። ጋሽ ወናፍ ሲጠሩ ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ጉዳይ አስፈጻሚው ከፊተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ዓይኑን አልነቀለባቸውም።

«ወደዚህ የመጣሁት» አሉ፣ «ሌባ ላጋልጥ ነበር። ሌባውንም አግኝቼዋለሁ። እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ስላልሳቁ ሳቁ ቶሎ ሞተ። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ልጆቹን፣ ዘፈኑን፣ ሦስቴ መላካቸውን፣ ዝርዝሩን፣ በሁለት ደቂቃ የሚሰረዘውንና የማይሰረዘውን። ጉዳይ አስፈጻሚው ሁለት ጊዜ ሊያቋርጥ እጁን አነሣ፤ ሰብሳቢዋ ሁለቱንም ጊዜ በእጃቸው አስቀመጡት።

«ታዲያ ጋሽ ወናፍ» አሉ ሰብሳቢዋ ሲጨርሱ፣ «ሥራዎ ሲሰረቅ ዝም እንበል ነው የሚሉን?»

«ዝም አትበሉ! ተበድያለሁ፤ በደሌም አልበረደም። የሰው ሥራ ቀድቶ በየገበያው የሚቸበችበውን በስሙ ክሰሱልኝ። ዳኛ ፊት አቁሙልኝ፤ እኔም በእግሬ መጥቼ እመሰክርበታለሁ። ግን እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ አንድ ሰው የእኔን ዘፈን በሕጋዊ መንገድ ላግኝ ቢል የት ያገኘዋል? ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ኩባንያው ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። በሩን ዘግታችሁ ሰውን በመስኮት ገባ ብላችሁ አትክሰሱት። መጀመሪያ በሩን ክፈቱ። እምቢ ብሎ በመስኮት የሚገባውን ያኔ እንነጋገርበታለን። በእኔ ስም፣ ለእኔ አስባችሁ ይኸን ሕግ እንዳታወጡ ግን እለምናችኋለሁ። ዘፈኔን ሰው ያጫውት ብዬ እንጂ የልጅ ፈተና ይከልክል ብዬ አልሠራሁትም።»

ቀጥላ መምህሯ ተናገረች። ሦስቱን ፖስታዎች ለኮሚቴው ሰጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ይኸን አንብቦ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ሰው አለ?» ፖስታዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ማንም አልነገራት።

አንባቢዬ እንዲህ ያለ ታሪክ በአንድ ጊዜ ድል ያልቃል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልሆነም። ኮሚቴው ረቂቁን አልቀደደውም፤ እንዲታረም ወደ መጣበት መለሰው፣ የማስጠንቀቂያዎቹ መቆጠርም እስከዚያው እንዲቆም ወሰነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና መዘግየቱም አንድ ነገር ነው። በሦስተኛው ወር ተሻሽሎ የቀረበውን እኔው ራሴ አባዝቼዋለሁ። ተከሳሹ በየትኛው ሥራ፣ መቼና እንዴት እንደተከሰሰ እንዲነገረው ያዛል። ያለ ዳኛ ትእዛዝ መስመር መቁረጥ፣ ስም መለጠፍም ቀርቷል። ቅጣቱ የሚያርፈው በሰው ሥራ በሚነግደው ላይ ነው፤ አሳታሚዎች ደግሞ ከገበያ የጠፉ ሥራዎችን የባለሙያውን ስም ጽፈው በቀላሉ በሚገኙበት ቦታ እንዲያወጡ ይጠየቃሉ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ፈተናቸውን ተፈትነዋል፣ ጥበቃውም እንደ ወትሮው ከልጁ ጋር ይነጋገራል። ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ተማሪ ሁሉ ሕጋዊው መንገድ ሲቀና በሱ መሄድ እየለመደ ነው። ሰው ሲፈራ ይደበቃል፤ ፍርድ እንዳለ ሲያምን ግን ራሱ ሕግ ያስከብራል። የሰውን ድካም መጠበቅና የሰውን መብት መጠበቅ አንዱ ለሌላው ጠላት አይደለም፤ ሁለቱንም የሚያጣላቸው ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ነው።

የዚያን ዕለት መጨረሻ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከአዳራሹ ስንወጣ ጉዳይ አስፈጻሚው ደረጃው ላይ ጠበቀን። ስብስቡ እንደማይወጣ አስቀድሞ ነገራቸው፤ ጋሽ ወናፍ አንገታቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት። ሰውየው ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ነገሩ ከዚህ በላይ እንዳይሰፋ የእርስዎንም የትምህርት ቤቱንም ቁጥር ዛሬውኑ እናጠፋዋለን። ደብዳቤም እንጽፋለን። ይበቃል?» አለ።

«አይበቃም» አሉ ሽማግሌው። «በልጆቹ መስመር ተማሪ ይፈተንበታልና የእነሱን ቁጥር ከዝርዝሩ አጥፉት። የእኔን እንዳትነኩ።»

«እንዴት? ስምዎ ከሌቦች ጋር ይቆይ ነው የሚሉት?»

«ይቆይ። ወደ ዳኛ ውሰዱኝ። እዚያ ቆሜ ዘፈኔን ለማን እንደሰጠሁ እናገራለሁ፤ እናንተም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ለእኔ የሚፈረደው ለሌላውም ይፈረዳል። ስለዚህ ክሰሰኝ ልጄ። አደራህን፣ እንዳትረሳ።»

ሰውየው ወደ መኪናው ሄደ። መምህሯ ክንዳቸውን ይዛ ትንሰቀሰቅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ምን ያስለቅስሻል፣ ገና አልተፈረደብኝም እኮ» ይሏታል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሰው ከክስ ሲሸሽ፣ ሲደበቅ፣ ሲማልድ ነው ያየሁት። ክሰሱኝ ብሎ የለመነ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።